ቃሉ የማይቆጠርለት ሰው ዳኛ ሲሆን

(ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሲያትል በማኅበረሰባችን ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። በጽሑፍ ላክልን ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ ከድምፅ ቅጂው ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ። ብዙም አልነካካሁትም። መደጋገሙን ታገሡኝ።)

ጤና ይስጥልኝ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። ኸረ ድምፃችሁ ጠፋ! ምሳው ከበዳችሁ እንዴ? እስቲ እንደገና፤ ጤና ይስጥልኝ! እንዲህ ነው እንጂ።

አዘጋጆቹ «ስለ ፍርድ ቤት አንድ ነገር ንገረን» ብለው ነው የጠሩኝ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። በዚህ አገር ፍርድ ቤቶች ከሃያ ዓመት በላይ በአማርኛ አስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። አንዳንዶቻችሁን ያገኘኋችሁም እዚያው ነው። አትፍሩ፣ ስም አልጠራም።

መጀመሪያ ስለ ሕግ አሠራር ልነግራችሁ ተነሥቼ ነበር። አንቀጽ እንዲህ ይላል፣ ደንቡ እንዲያ ይላል እያልኩ ስጽፍ እኔው ራሴን እንቅልፍ ወሰደኝ። እናንተማ ምን ልትሆኑ ነው? ቀደድኩት። በምትኩ የአንድ ሰው ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ።

ስሙ ሚፍሊን ዊስታር ጊብስ ይባላል። ሰምታችሁ የምታውቁ እጅ አውጡ እስቲ። አንድ። ሁለት። እማማ፣ የልጅዎን እጅ ነው ያወጡት፤ እሱ አይቆጠርም።

ሦስት ነገር ነው የምነግራችሁ። አንደኛ ስለ ጫማ። ሁለተኛ ስለ ባሕር። ሦስተኛ ስለ ወንበር። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ ስምንት እየቀነሳችሁ ተከተሉኝ።

እንግዲህ አንደኛ፣ ጫማ።

ጊብስ በ1823 ፊላደልፊያ ተወለደ። ጥቁር ነው፤ ግን ከነፃ ቤተሰብ ነው የተወለደው። አባቱ ሰባኪ ነበር። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሞላው አባቱ ሞተ። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው። ትንሽ ከፍ ሲል አናጢ ዘንድ ገብቶ ሙያ ለመደ። ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረው። ከደቡብ የሚያመልጡ ባሮችን ከሚደብቁትና ከሚያሻግሩት ሰዎች ጋር ይሠራ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ዘመን ፊላደልፊያ ከገቡት አምላጮች መካከል ኤለን ክራፍት የምትባል ሴት ነበረች። ቆዳዋ በጣም የቀላ ስለሆነ ነጭ መምሰል ትችላለች። በ1848 ሱሪ ለበሰች፣ ፀጉሯን ተቆረጠች፣ ባሏን እንደ ባሪያዋ ከኋላዋ አስከተለች። እንደ ሀብታም ወጣት ጌታ ሆና በባቡርና በመርከብ ከጆርጂያ ፊላደልፊያ ድረስ መጣች። መጻፍ አትችልም። ሆቴል መዝገብ ላይ ፈርም ቢሏትስ? ቀኝ እጇን በጨርቅ አንጠልጥላ ታማሚ ሆነች። ድፍረቷን አያችሁ? ይህቺን ሴት ጊብስ ከስንት ዓመት በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ሳይቀር ያነሳታል። ከመንገዴ ወጣሁ፤ ልመለስ።

በ1849 ታላቁ ተናጋሪ ፍሬድሪክ ዳግላስ ይህን ወጣት አብረኸኝ እየዞርክ በባርነት ላይ ተናገር ብሎ ወሰደው። በምዕራብ ኒውዮርክ ከተማ ለከተማ ዞሩ። ጉዞው ሲያልቅ ጊብስ ኪሱ ባዶ ነው፣ ልቡም ተሰብሯል። እዚያው ሮቼስተር ውስጥ ከዳግላስ ጋር የምትሠራ ጁሊያ ግሪፊትስ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች። ፊቱን አይታ ምን አለችው መሰላችሁ? «ምን? ተስፋ ቆረጥክ? ሂድና አንድ ትልቅ ነገር ሥራ!»

እንዲህ ብቻ። እንዴት፣ የት፣ በምን ገንዘብ፣ ምንም የለም። የእኛ አክስቶች አይመስሉም?

እሱም ሄደ። ዘመኑ የካሊፎርኒያ ወርቅ ዘመን ነው። በመርከብ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ማዕረግ ተሳፍሮ፣ በፓናማ አቋርጦ፣ በ1850 ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰ። ኪሱ ውስጥ ሳንቲሞች ብቻ ቀርተውታል። አናጢ ነኝ ብሎ ሥራ ጠየቀ። አንድ ተቋራጭ ለነጮቹ ከሚከፍለው ቀንሶ ቀጠረው። ጊብስም እሺ አለ። ነጮቹ አናጢዎች ግን «እሱ የሚሠራ ከሆነ እኛ እንወጣለን» አሉ። ተባረረ። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ ያው ነው። ያኔ ብሩሽና ቀለም ገዝቶ አንድ ሆቴል በር ላይ ተቀመጠ።

ሊስትሮ ሆነ!

እዚህ ጋ ነው ይህ ሰው እኔን የያዘኝ። አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ፣ እኔ ራሴ ፒያሳ ሊስትሮ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አንድ ቀን አንድ ደልደል ያለ፣ ሱፍ የለበሰ ሰው ጫማውን አስጠረገ። ስጨርስ ካልሲዬን ቀለም ነካህብኝ አለ። አልነካሁም። ነካህ! አልነካሁም ጋሼ! ሳጥኔን በእግሩ ብሎ ገለበጠው። ቀለሙ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ሊመታኝ እጁን አነሣ። አጠገቤ ቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች። ከተቀመጠችበት ብድግ አለችና «በሕግ አምላክ! እኔ አይቻለሁ! አልነካህም!» አለች።

ሰውዬው ባለበት ቀረ። እጁ እላይ እንደተሰቀለ። ከዚያ ሳንቲሙን ወርውሮልኝ ሄደ።

ተመልከቱ እንግዲህ። ሴትዮዋ ጉልበት የላትም፣ ገንዘብ የላትም፣ ፊደልም አልቆጠረችም። ያላት አንድ ነገር ነው። «እኔ አይቻለሁ» ማለት ትችላለች። ይህን ያዙልኝ። «እኔ አይቻለሁ።» እመለስበታለሁ።

ወደ ጊብስ። ከጫማ መጥረግ ወደ ጫማ መሸጥ አደገ። ፒተር ሌስተር ከሚባል ሌላ ጥቁር ጋር ሆኖ ሱቅ ከፈተ። ዋዛ ሱቅ አይደለም፤ ከፊላደልፊያ፣ ከለንደንና ከፓሪስ የሚመጣ ቦት ጫማ ነው የሚሸጡት። ገበያው ደራ። የወርቅ ከተማ ነዋ፤ ጭቃውም ብዙ ነው።

አንድ ቀን አንድ ነጭ ደንበኛ መጣ። አንድ ቦት ጫማ ለክቶ ወደደው፤ ግን አስቀምጡልኝ፣ ተመልሼ እወስናለሁ ብሎ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ጓደኛው መጣ። እሱም ያንኑ ጫማ ወደደ። ተይዟል አሉት። ግድ የለም፣ እኔ እነግረዋለሁ፣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ብሎ ገዝቶ ሄደ። ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ተመለሱ። የመጀመሪያው በያዘው ከባድ ከዘራ ሌስተርን ይወቅጠው ጀመር። በገዛ ሱቁ ውስጥ! ጊብስ ቆሞ እያየ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ለምን ዝም አለ? ፈሪ ስለሆነ? ይህ ባሪያ ሲያሸሽ የነበረ ሰው ነው። ለምን ፖሊስ አልጠራም? ለምን ሄዶ አልከሰሰም?

ምክንያቱም ሕጉ ነው። በ1850 የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ ጥቁር፣ ክልስም ሆነ ሕንድ (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ማለቴ ነው)፣ ነጭ ባለበት ጉዳይ የምስክርነት ቃል መስጠት አይችልም ይል ነበር። ለነጩም አይችልም፣ በነጩም ላይ አይችልም። በ1854 ደግሞ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቻይናውያንንም ጨመራቸው። እንግዲህ ሌስተር ተደበደበ። ማን አየ? ጊብስ አየ። ጊብስ ግን በሕግ ፊት አላየም። ዓይን አለው፤ ቃል የለውም።

ቆሎ ሻጯ የነበራት ነገር፣ ከፓሪስ ጫማ የሚያስመጣው ነጋዴ አልነበረውም።

እኔ ሥራዬ ቃል ስለሆነ ነገሩ በጣም ይከነክነኛል። አንዴ አንዲት አዛውንት ምስክር ሆነው ቀረቡ። ጸሐፊዋ ቀኝ እጅዎን አንሥተው ይማሉ አለቻቸው። እኔ ተረጎምኩ። እማማ ወደ እኔ ዞሩና «ልጄ፣ እኔ አልምልም፤ ንስሐ አባቴ ገዝተውኛል» አሉ። ችሎቱ ጸጥ አለ። የሚዋሹ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ያሉትን ቃል በቃል ተረጎምኩ። ዳኛዋ ፈገግ አለችና፣ ሳይምሉ እውነት እናገራለሁ ብለው ማረጋገጥ ይችላሉ አለች። ሕጉ ይፈቅዳል። እማማም «እሱማ ሌላ ምን እናገራለሁ?» አሉ። ይህንንም ተረጎምኩት። የዚያን ቀን አንዲት እንግሊዝኛ የማታውቅ ሴት እንድትናገር አንድ ሙሉ ፍርድ ቤት ጠበቀ። ይህ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የታገሉለት ሰዎች አሉ።

ጊብስና ጓደኞቹ ምን አደረጉ? በ1851 ጋዜጣ ላይ ተቃውሞ አወጡ። የራሳቸውን ጋዜጣም አቋቋሙ። በ1855 ሳክራሜንቶ ላይ የካሊፎርኒያ ጥቁሮች ትልቅ ጉባኤ ጠሩ። አቤቱታ ጻፉ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ለምክር ቤቱ ላኩ። ምክር ቤቱ ወደ ጎን አደረገው። እንደገና ላኩ። እንደገና ወደ ጎን።

በ1857 የግብር ሰብሳቢው መጣ፤ የነፍስ ወከፍ ግብር ክፈሉ አለ። ጊብስና ሌስተር ድምፅ መስጠት ለማንችልበት አንከፍልም አሉ። ዕቃቸው ተወርሶ ጨረታ ላይ ቀረበ። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። አንድ ወዳጃቸው ሕዝቡ መካከል እየተዘዋወረ ዕቃው ለምን እንደተወረሰ ለእያንዳንዱ ነገረ። በሉ ማንም እንዳይነካው አለ። ጨረታው ተጠራ። አንድም ሰው ዋጋ አልጠራም። ዝም! ዕቃው ተመልሶ ሱቁ ገባ። እኔ ጨረታ ላይ ዝም ማለት እንደዚህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በ1858 ነገር ከረረ። አርቺ ሊ የሚባል ወጣት ጥቁር ነበር። ጌታው ከሚሲሲፒ ወደ ካሊፎርኒያ ይዞት መጥቶ ነው። ካሊፎርኒያ ባርነት የተከለከለበት ግዛት ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምን አለ? ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ግን ጌታው ወጣት ነው፣ ሕጉንም አላወቀም፣ ስለዚህ ለዚህ ጊዜ ብቻ ልጁን ይውሰድ! እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የሳን ፍራንሲስኮ ጥቁሮች ገንዘብ አዋጥተው፣ ጠበቃ ይዘው፣ አርቺን ሊወስደው ከነበረው መርከብ ላይ በፍርድ ቤት ትእዛዝ አስወረዱት። በመጨረሻ ነፃ ወጣ። ግን በዚያው ሰሞን ጥቁሮች ወደ ካሊፎርኒያ እንዳይገቡ የሚከለክል ረቂቅ ምክር ቤት ቀረበ። ሰዉ በቃ አለ።

ይኸው ወደ ሁለተኛው ነጥቤ አደረሰኝ። ባሕር።

በ1858 የጸደይ ወራት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰቡ። ወዴት እንሂድ? አንዱ ሜክሲኮ አለ፣ አንዱ ሌላ አለ። በመጨረሻ ቫንኩቨር ደሴትን መረጡ። ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነው። ገዥው ጄምስ ዳግላስ ደግሞ ራሱ እናቱ ከጥቁር ዘር የምትወለድ፣ በዛሬዋ ጋያና የተወለደ ሰው ነበር። ኑ፣ መሬት ትገዛላችሁ፣ ቆይታችሁም እንደማንኛውም ዜጋ ትሆናላችሁ አላቸው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሄዱ። አርቺም ሄደ። ሌስተርም ሄደ።

ጊብስ ሲሄድ ባዶ እጁን አልሄደም። ነጋዴ ነው! በዚያው ዓመት ፍሬዘር ወንዝ ላይ ወርቅ ተገኝቷል። የጫማ ሱቅ የነበረው ሰው ዱቄት፣ የአሳማ ሥጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ዶማና አካፋ ጭኖ ቪክቶሪያ ወረደ። ገና ወደቡ ላይ እያለ ሁሉንም በጥሩ ትርፍ ሸጠው። ወርቅ ከቆፈሩት ይልቅ አካፋ የሸጡት ያተርፋሉ የሚባለው እውነት ነው።

እዚህ እኔ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሲያትል ስኖር ስንት ዓመቴ ነው? ቪክቶሪያ ከዚህ በጀልባ የሰዓታት መንገድ ናት። ስለ ጊብስ ሳነብ ቆይቼ፣ ባለፈው በጋ ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ። እሷ አበባ ለማየት፣ እኔ ጊብስን ለመፈለግ። ጀምስ ቤይ የሚባል ሰፈር አለ። ጊብስ የኖረበት፣ በከተማው ምክር ቤትም የወከለው ሰፈር ነው። ዛሬ እዚያ ያለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ የጥናት ክፍል በስሙ ተሰይሟል። በመስታወቱ አየሁ። ሁለት ልጆች የቤት ሥራ ይሠራሉ። አንዱ ጫማውን አውልቆ ወንበር ላይ እግሩን ሰቅሏል። ባለቤቴ ጎትታ እስክታወጣኝ ቆሜ አየሁ።

ቪክቶሪያ ግን ገነት አልነበረችም። ይህንንም መናገር አለብኝ። የእሳት አደጋ ቡድኑ ጥቁር በጎ ፈቃደኞችን አልቀበልም አለ። እነሱም የራሳቸውን የጦር ጓድ አቋቁመው ጠመንጃ ይዘው ተሰለፉ። ጊብስ ባለቤቱን ይዞ ቲያትር ሄዶ ጥሩ ቦታ ቢቀመጥ ዱቄት ደፉበት። አዎ፣ ዱቄት! ዱቄት ሸጦ ሀብታም የሆነውን ሰው። ባለቤቱ ማሪያ አሌክሳንደር ትባላለች፤ በ1859 ነው የተጋቡት። አምስት ልጆች ወለዱ።

ጊብስ የእንግሊዝ ዜግነት ወሰደ፣ ለምክር ቤት ተወዳደረ፣ በ1866 ተመረጠ። የከተማዋን የፋይናንስ ኮሚቴ መራ። በ1868 ቅኝ ግዛቱ ከካናዳ ጋር ይቀላቀል ወይስ አይቀላቀል ብሎ የመከረው ጉባኤ ላይ የሶልት ስፕሪንግ ደሴትን ወክሎ ተቀመጠ። ከዚያ ደግሞ ወደ ሰሜን ደሴቶች ሄዶ የድንጋይ ከሰል ወደ መርከብ የሚያደርስ ሐዲድ አሠራ። ለሐይዳ ሕዝብ ግን ያ መሬት የአባት አገሩ ነው። ጊብስ በዚህ ብዙ የተጨነቀ አይመስለኝም። የዘመኑ ሰው ነው፤ ትርፍ ሲያይ ዓይኑ ይበራል። እኔ ሰውዬውን እወደዋለሁ፤ ቅዱስ ነው አላልኩም።

እናንተስ፣ አንድ ነገር አስተውላችኋል? በ1863 ካሊፎርኒያ ያንን የምስክርነት ሕግ ለጥቁሮች አነሣችው። እነ ጊብስ ያን ሁሉ ፊርማ ያሰባሰቡበት ነገር ማለት ነው። ጊብስ ግን አልነበረም። ቪክቶሪያ ዱቄት እየሸጠ ነው። ቻይናውያንና ሕንዶች ደግሞ እስከ 1872 ጠበቁ።

ሦስተኛ፣ ወንበር። ሰዓቴን እያየሁ ነው፤ ሊቀመንበሩ በዓይናቸው እየገረፉኝ ነው።

ጊብስ ቪክቶሪያ እያለ አንድ እንግሊዛዊ ጠበቃ ዘንድ ሕግ ማንበብ ጀምሮ ነበር። ዕድሜው ወደ አርባዎቹ አጋማሽ ደርሷል። አሁን ሸምግያለሁ፣ ምን ትምህርት ይገባኛል የምትሉ ወንድሞቼ፣ ስሙኝ! የእርስ በርስ ጦርነቱ አልቋል፣ ባርነት ቀርቷል። ጊብስ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ኦሃዮ ኦበርሊን ውስጥ ሕግ ተማረ። ከዚያ የት ልሂድ ብሎ ደቡቡን ዞረ።

ፍሎሪዳ ወንድሙን ጠየቀው። ወንድሙ ጆናታን ዝም ብሎ ሰው አይደለም፤ የፍሎሪዳ ግዛት የመንግሥት ጸሐፊ ነው። ትልቅ ሹም! ጊብስ ቤቱ ሲደርስ ወንድሙ የሚተኛው ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ውስጥ ሆኖ አገኘው። ዙሪያውን ጠመንጃ ነው። ለምን? ጥቁሮችን የሚያሸብረው የነጮች ቡድን፣ ኩ ክሉክስ ክላን፣ ማታ ሊመጣ ስለሚችል። ቀን ሚኒስትር፣ ማታ ዘበኛ። ይህ ወንድሙ በ1874 ድንገት ሞተ። ተመርዞ ነው የሚሉ ዛሬም አሉ።

ይህን አይቶ የፈራ ሰው ወደ ካናዳ ይመለስ ነበር። ጊብስ በ1871 አርካንሳስ፣ ሊትል ሮክ ገባ። ያኔ አርካንሳስ ድንበር አገር ናት። ከሷ ወዲያ የሕንዶች ግዛት ነው፤ ሽፍታውም ጠመንጃውም ብዙ ነው። በ1872 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። ሎይድ ዊለር ከሚባል ሌላ ጥቁር ጠበቃ ጋር ቢሮ ከፈተ። የካውንቲው አቃቤ ሕግ ሆኖ ተሾመ። እና በ1873 ለሊትል ሮክ ከተማ ዳኝነት ተወዳደረ።

አሸነፈ።

በአሜሪካ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ የከተማ ዳኛ ሆኖ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው። ሃምሳ ዓመቱ ነው። አስቡት እስቲ። ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ጓደኛው በከዘራ ሲወቀጥ አይቷል፤ «አይቻለሁ» ማለት ግን አይችልም ነበር። አሁን ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ነጩም ጥቁሩም ፊቱ ቀርቦ «እኔ አይቻለሁ» ይላል። እሱ ይሰማል። እሱ ያምናል ወይም አያምንም። የሚመዝነው እሱ ነው!

ትልቅ ችሎት አይደለም። የከተማ ፍርድ ቤት ነው፤ ስካር፣ ድብድብ፣ ጥቃቅን ሌብነት። እኔ ግን እዚህ አገር የሰውን ሕይወት ሲያቃና ወይም ሲያጣምም ያየሁት ይሄ ትንሹ ችሎት ነው። የትራፊክ ቅጣት፣ የጎረቤት ጠብ፣ የቤት ኪራይ። ትልቁ ፍርድ ቤትማ ስንቶቻችን ደርሰንበታል?

ወንበሩ ግን ብዙ አልቆየም። በ1874 አርካንሳስ ውስጥ ሁለት ሰዎች እኔ ነኝ ገዥው አሉ። ብሩክስና ባክስተር። ሊትል ሮክ ጎዳና ላይ መድፍ ቆመ፣ ሰው ሞተ። በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ግራንት ለባክስተር ፈረዱ። በዚያው ዓመት አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣ፣ በዚያ ዘመን የጥቁሮችን መብት ይቃወሙ የነበሩት ዲሞክራቶች ሥልጣኑን ያዙ። የጥቁሮች ተስፋም መጥበብ ጀመረ። ጊብስ በ1875 ወንበሩን ለቀቀ። ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ! ማዕረጉ ግን አልተነሣም። እስኪሞት ድረስ «ጃጅ ጊብስ» ነው የሚሉት። እኛስ አንዴ ቀኛዝማች የተባለን ሰው መች መልሰን በስሙ እንጠራዋለን?

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሩጠው። በ1877 ፕሬዚዳንት ሄይስ ሊትል ሮክ ባለው የፌዴራል መሬት መሥሪያ ቤት መዝጋቢ አደረጉት። ለብዙ ዓመታት የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰው ሆኖ ከጉባኤ ጉባኤ ዞረ። በ1897 ደግሞ፣ ሰባ አራት ዓመቱ ላይ፣ ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ማዳጋስካር ታማታቭ ላይ የአሜሪካ ቆንስል አድርገው ሾሙት። በስዊዝ ቦይ አድርጎ በቀይ ባሕር ወረደ። ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። በደጃችን አለፈ! እሱ የሄደባት ማዳጋስካር ግን ዕድሏ እንደኛ አልነበረም። ፈረንሳይ ይዛታለች፤ ንግሥቲቱ ራናቫሎና በዚያው በ1897 ተግዛለች።

በ1901 ተመለሰ። በ1902 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። ስመ ጥሩው የጥቁሮች መሪ ቡከር ዋሽንግተን መግቢያ ጻፈለት። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። አላቆመም። በ1903 ሊትል ሮክ ውስጥ የጥቁሮች ባንክ ከፈተ፤ ራሱ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1908 ባንኩ ወደቀ። የድሃ ሰው ቁጠባ ነበር እኮ ውስጡ ያለው። ንብረቱ ታገደ፣ ተከሰሰ፣ በመጨረሻ ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማምቶ ጨረሰ። ዳኛው በስተርጅናው ተከሳሽ ሆነ። እቁብ ሰብሳቢዎች፣ እያየኋችሁ ነው!

በሐምሌ 1915፣ በዘጠና ሁለት ዓመቱ፣ እዚያው ሊትል ሮክ ሞተ።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ልመና ነው፣ ቁጣ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ታክሲ ነጂ ወንድማችን ክርክር ነበረበት። ስሙን አልጠራም፣ ፍርድ ቤቱንም አልጠራም። ሲገጭ አጠገቡ ሆኖ ያየ ሌላ ሐበሻ ሹፌር ነበር። ና መስክርልኝ አለው። እሺ አለ። በቀጠሮው ቀን አልመጣም። ሥራ አለኝ፣ ደግሞም ነገር ውስጥ መግባት አልፈልግም አለ። ዳኛው ምስክር አለህ? አለው። እኔ ተረጎምኩ። ወንድማችን በሩን ዞሮ አየ። አንድ ጊዜ አየ። ሁለተኛ አየ። ከዚያ «የለኝም» አለ። እኔም «የለኝም» ብዬ ተረጎምኩ። ከሃያ ዓመት ሥራዬ እንደዚያ የከበደኝ ቃል የለም።

ዜጋ የሆናችሁ ደግሞ በፖስታ የጁሪ ጥሪ ይመጣላችኋል፤ ከሕዝብ ተመርጣችሁ ችሎት ተቀምጣችሁ ፍረዱ የሚል ማለት ነው። ምን ታደርጉታላችሁ? እውነቱን ንገሩኝ። ከፒዛ ማስታወቂያው ጋር ቆሻሻ ውስጥ የምትጥሉ አላችሁ። አትሳቁ፣ አውቃለሁ! እንግሊዝኛችሁ የሚያስቸግር ከሆነ ወረቀቱ ላይ ሙሉትና መልሱ። ጤና ከሌላችሁ ጻፉት። ዝም ብላችሁ ግን አትጣሉት። ሌስተርን በከዘራ ሲወቅጡት፣ እንደ እሱ ያለ አንድ ሰው ጁሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ቡናው ሸተተኝ። ሊቀመንበሩም ተነሥተዋል። ለጥያቄ አሥር ደቂቃ ተሰጥቶናል፣ ድምፅ ማጉያውን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ። እዚያ በሩ አጠገብ፣ ቀኝ እጃቸውን ያነሡት አባባ ይቅደሙ።